በሞቴ ሳይባል

የዚያን ዕለት ጠዋት ሊፍቱ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ክፍል ሲሄድ እናቱን አልጋዋን ራሷ ፈትታ ጨርሳ አገኛት። ጣውላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው በቁመታቸው ቆመዋል፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ በመጋረጃ ገመድ ታስሯል፤ እሷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ብሎኖቹን ያጠራቀመችበትን የሻይ ኩባያ፣ በሌላው ጫፉ የተጣመመ የማርማላታ ቢላ ይዛለች። እሱ ብሎን በመፍታትና በማሰር የሚተዳደር ሰው ነው። ከቁርስ በኋላ መፍቻውን ይዞ ሊመጣ፣ እየተጫወቱ ሊፈታላት፣ በመሃሉም አንድ ሁለት ደስ የሚል ነገር ሊላት አስቦ፣ የሚላትንም ማታ ጋደም ብሎ አሰናድቶ ነበር። አሁን ያሰናዳው ሁሉ ጠፋበት። «ቢላው ተጣመመ እኮ» አላት። «ይቃናል» አለችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልታቃናው ሞከረች፤ አልቃና ሲላት ኩባያው ውስጥ ከብሎኖቹ ጋር ጨመረችው።

ሊፍቱ የሚለውን ስም ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ሥራው ሊፍት መግጠምና መጠገን ስለሆነ ነው ቢባልም፣ እነሱ ግን አንድ ወር ከፍ፣ አንድ ወር ዝቅ ስለሚል ነው ይላሉ። ዘንድሮ ደግሞ ዝቅታው በዝቷል። በየመንገዱ አዲስ ሕንፃ ይቆማል፤ ለእሱ የሚደርሰው ግን ፎቅ መሃል ተገትሮ ሰው ያፈነ አሮጌ ሊፍት ብቻ ነው። አዲሶቹን የሚገጥሙት እነማን እንደሆኑ ሲያጣራ ሁሉም አንድ ቦታ ተገኙ፤ ከከተማው ዳር ያለው፣ የጎልፍ ሜዳና የመዋኛ ገንዳ ያለው ክለብ። ጨረታ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ከተበላ በኋላ ነው፣ የሚበላውም እዚያ ነው ብሎ ደመደመ። የአባልነት መግቢያው ሦስት መቶ ሺህ ነው፤ ለዚያ ባልና ሚስት ለዓመታት ያጠራቀሙት አለ። የየዓመቱ መዋጮ ደግሞ ሰባ ሁለት ሺህ ነው፤ ለዚህኛው ምንም የለም። ያለው የእናቱ ክፍል ነው። የጓሮዋ ክፍል በወር ስድስት ሺህ ትከራያለች፤ ስድስት በአሥራ ሁለት ሲባዛ ሰባ ሁለት መሆኑን ያገኘ ቀን እግዜር ራሱ ቁጭ ብሎ ያባዛለት መሰለው። ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነገር አታበዛም። ከዚያ ምን እናገኛለን ብላ አንዴ ጠየቀችው። ሰው እናገኛለን፣ ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል አልሰማሽም ወይ አላት። «ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ፤ «እኔ የምሸጠው መድኃኒት እንኳ እንደዚህ አይወደድም።» ይህን ብላ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ለእናቱ የነገራት ራት ላይ ነበር። እህቱ የምትኖርበት ሰፈር አየሩ ጥሩ መሆኑን፣ ልጆቿ አያታቸውን መናፈቃቸውን፣ የጓሮው ክፍል ለጉልበቷ ቀዝቃዛ መሆኑን ደረደረ። ስለ ክለቡም፣ ስለ ኪራዩም ነገራት፤ ይህን አልደበቀም። እናቱ ሁሉንም ሰማችና «ለእኔ አታስቡ፤ እኔ የትም እሆናለሁ። እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ እናንተን ብቻ ይቅናችሁ» አለች። ይህ ንግግር መልስ እንዳልሆነ ሊፍቱ ያውቃል። ያሳደገችው ራሷ ናት፤ በልጅነቱ ጎረቤት ቤት ገብተው ዳቦ ሲቀርብለት በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የዘረጋ ጊዜ ጭኑን ቆንጥጣዋለች፣ ቤት ሲደርሱም «ሆዳም አታሰኘኝ» ብላ የሰውን ወግ አስተምራዋለች። የተጋበዘ ሰው መጀመሪያ ይቅርብኝ ይላል፤ ጋባዡ በሞቴ ይላል፤ ተጋባዡ ደግሞ አይ ይላል፤ ጋባዡ አፈር ስሆን ይላል፤ እህል አፍ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ «በሞቴ፣ የትም አትሄጂም» ማለት የእሱ ተራ ነበር። ሊፍቱ ውሃ ጠጣ። ሚስቱ አየችው፤ እሱ ብርጭቆውን አየ፤ እናቱ ሁለቱንም ሳታይ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሣው የለም። በሳምንቱ አንዲት ነርስ መጥታ ክፍሏን አየች፣ ወደደቻት፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈለች። እሱም ገንዘቡን ሳያሳድር ለክለቡ ማመልከቻ ከፈለው፤ ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም የማይመለስ ነው። የተረፈው ለእሱ፣ ለሚስቱና ለልጃቸው አዲስ ጫማ ሆነ።

በዚያ ጠዋት እናትና ልጅ ፍራሹንና ጣውላዎቹን ፒካፑ ላይ ጫኑ። ቤት ውስጥ ሚጢጢ የምትባለው ልጃቸው በሌሊት ልብሷ በረንዳው ላይ ቆማ አያቷ የምትሄደው ለስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች። «አንቺ ዋና እስክትችዪ» አለቻት አያቷ፤ ጉንጯንም ሳመቻት። ሚስቱ ከፋርማሲ ያመጣችውን የጉልበት ቅባት በቦርሳዋ ከተተችላትና ጠዋትና ማታ ሳይረሱ ይቀቡት እማማ አለቻት፤ ድምጿ ከመስታወት ኋላ ሆና ለማታውቀው በሽተኛ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። አማትየዋ አመሰገነች። ሁለቱ ሴቶች ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም፤ ስንብታቸውም ቅባት ሆነ።

መንገድ ላይ እናትና ልጅ ብዙ ተጫወቱ፤ ስለ ምንም። መብራቱ ቶሎ ቀይ ሆነ፤ ይህ ፎቅ መቼ ተሠራ፤ ያ ዳቦ ቤት ተዘጋ እንዴ፤ ቲማቲም ስንት ገባ። በየጉድጓዱ ጣውላዎቹ ከኋላ ይንጓጓሉ፤ እሷ በተንጓጉ ቁጥር ዘወር ብላ ታያለች። አንድ ትልቅ አዲስ ሕንፃ አጠገብ ሲደርሱ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ላይ ተመለከተችና የዚህን ሊፍት አንተ ነህ ወይ የሠራኸው ብላ ጠየቀችው። አይደለሁም አላት። «ወደፊት ትሠራለህ» አለች። ይህን ያለችው ልታጽናናው ነው፤ እሱን ግን እንደ ጥፊ አጮለው፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በእርግጥ ጥፋቱ ተሰምቶት ነበር፤ ልጅ አይደለም፤ የሚያደርገውን ያውቃል። እንመለስ ሊላት ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። በመጀመሪያው ከኋላው ያለ መኪና ጡሩምባ ነፋበት፤ በሁለተኛው ራሱ ተወው፤ ማመልከቻው ተከፍሏል፣ ነርሷ ዛሬ ትገባለች፣ ጫማው ተገዝቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሱ ገና እየሮጠ ስለነበር ቀበቶውን ቁልቁል አላየም።

የእህቱ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ አራት ልጆች፣ አንድ ባል፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ ከበሩ የሚተካከል ማቀዝቀዣ። አልጋ የሚገባበት ቦታ እንደሌለ ከደጃፉ ሆኖ ይታያል። ጣውላዎቹ ከቤቱ ጀርባ ላስቲክ ለብሰው ቀሩ፤ ፍራሹ በማቀዝቀዣውና በግድግዳው መሃል ተነጠፈ፤ የሻይ ኩባያው ከነብሎኖቹ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ተቀመጠ። እህቱ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የማውራት ልማድ አላት። ክለብ ገባህ አሉ አለችው። ገና ነው፣ ዛሬ ሊያዩን ነው አላት። «ዋና ልትማር ነው ወይስ ልትሰጥም?» አለች። እናቱ ቶሎ ብላ ተዪው፣ ለልጁ ብሎ ነው ስትል ተሟገተችለት። እህቱ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች፤ የምትለው ነበራት፤ እናቷን አየችና መርፌውን መልሳ ነከሰችው። ማቀዝቀዣው በየጥቂቱ እየተንቀጠቀጠ ያጓራ ነበር። ሊፍቱ የማቀዝቀዣው አንድ እግር አጭር መሆኑን በጆሮው አወቀና ካርቶን አጥፎ ከሥሩ አስገባለት፤ ማጓራቱ ቀነሰ። በዚያ ቀን ለእናቱ ያደረገላት ይህን ብቻ ነው። ሻይ ጠጥተህ ሂድ ሲሉት ረፍዶብኛል ብሎ ወጣ፤ እናቱ በመስኮቱ ቀስ ብለህ ንዳ አለችው።

ቤት ተመልሶ፣ ታጥቦና ለብሶ፣ ሚስቱንና ሚጢጢን አሳፍሮ ክለቡ በር ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ለክለቡ ያቀረባቸው አንድ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የክለቡ አባል ነው፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ አለው፤ የሕንፃውንም ሊፍት የሚጠግነው ሊፍቱ ነው። ዘበኛው ፒካፑን፣ ላዩ ላይ የታሰረውን መሰላልና የኬብሉን ጥቅል አየና ዕቃ አቅራቢዎች በኋላ በር ነው የሚገቡት አለ። ሊፍቱ እንግዳ መሆናቸውን ነገረው። ዘበኛው በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ፣ በሬዲዮው ተነጋገረ፣ ከዚያም በዚያው ትሕትና መኪናውን ኋላ በር አቁመው በእግር እንዲዞሩ ለመናቸው። በወጥ ቤቱ ጓሮ፣ በቆሻሻ በርሜሎችና በባዶ ጠርሙስ ሣጥኖች መሃል አለፉ። ሚስቱ አዲሱ ጫማ ስለነከሳት አውልቃ በእጇ ይዛው ሄደች፤ ሣሩ ጋ ሲደርሱ መልሳ አጠለቀችው።

ሣሩ እንኳ እውነትም ሣር ነው። ሊፍቱ እንዲህ ያለ አረንጓዴ በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለመርገጥ ያሳሳል። ገንዳው ሰማያዊ፣ ጥላዎቹ ነጭ፣ አስተናጋጆቹ ነጭ፣ ፎጣው ነጭ፤ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አንድም ሰው ሌላውን ከሩቅ አይጣራም። የሎሚ ጭማቂ መቶ ሰማንያ ይላል፤ ሚስቱ ይህን አነበበችና ውሃ ይበቃኛል አለች፤ ውሃው ደግሞ መቶ ሃያ ነበር። ሚጢጢ ያለ ኮፍያ ገንዳ አትገባም ተባለች፤ ኮፍያው በክለቡ ሱቅ ስምንት መቶ ነው፤ ውጭ መንገድ ላይ በስልሳ የሚሸጠው ዓይነት ላስቲክ ነው። ሊፍቱ ቦርሳውን ሲያወጣ ሻጯ ጥሬ ገንዘብ እንደማይቀበሉ፣ አባል እንደሚፈርም ነገረችው። ሣሩ ላይ የተቀበላቸው ሐኪም ሊፈርም እጁን ሲዘረጋ ሊፍቱ ክንዱን ያዘው። «ኧረ አይሆንም ዶክተር፣ እኔ ልክፈል፣ በሞቴ።» ሐኪሙ እየሳቀ ፈረመ። «በሞትህም አይቀበሉህም» አለው። ሊፍቱም ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ነው። ሚጢጢ ግን ውሃው ውስጥ ስትገባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ እግሯን ስታንቦራጭቅ ለአባቷ ከቀኑ ሁሉ ያቺ ደቂቃ ዋጋዋን ያወጣች መሰለችው።

በሚቀጥለው ጥላ ሥር የሕንፃ ባለቤቶች ተቀምጠው ነበር። ሁለቱን በጋዜጣ ያውቃቸዋል። ሊፍቱ ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አድርጎ አዳመጠ፤ ሰው የሚገኘው እዚህ ነው። የሚያወሩት ስለ ጉልበታቸው ነበር፤ የማን ጉልበት በየትኛው ሐኪም እንደተሠራ፣ የትኛው እንደተበላሸ። ከጉልበት ወደ ውሻ ሄዱ፤ ከውሻ ተመልሰው ወደ ጉልበት መጡ። ሐኪሙ ይሄ የሊፍት ሰው ነው ብሎ አስተዋወቀው። አንደኛው ጨበጠውና ሊፍት ተከልክያለሁ፣ ደረጃ ውጣ ብለውኛል አለ፤ ጠረጴዛው ሳቀ፤ ወሬውም ወደ ጉልበት ተመለሰ። ሐኪሙ ወደ ሊፍቱ ጠጋ ብሎ የእሱም ሊፍት ሰሞኑን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረው። «አንድ ቀን ብቅ በልና እየው፣ እንደ ወዳጅ» አለው። እስከ ትናንት ድረስ ሐኪሙ ደንበኛ ነበር፤ ይከፍል ነበር። እንደ ወዳጅ ማለት ያለ ክፍያ ማለት መሆኑን ሊፍቱ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም፤ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሚስቱ ውሃዋን በትንሽ በትንሹ እየጠጣች ይህን ሁሉ ሰምታለች።

ከምሳ በኋላ ሰብሳቢዋ መጣች። አዲስ አባላትን የሚቀበለው ኮሚቴ ኃላፊ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዓይኗ የዋህ፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ ሴት። ለአንድ ባዶ ቦታ ሦስት ቤተሰብ መቅረቡን ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮታል፤ ሁለቱ ወዲያ ማዶ በሌሎች ጥላዎች ሥር ተቀምጠዋል፤ እነሱም አዲስ ጫማ አድርገዋል። ሰብሳቢዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስለ ሚጢጢ ዋና ጠየቀች፤ ስለ ሥራው ጠየቀች፤ ሊፍት ሲቆም ሰው ውስጡ ምን እንደሚሰማው ጠየቀች፤ ሲመልስላትም አዳመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ያዳመጠው ሰው እሷ ብቻ ናት። ከዚያም እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ «እንግዲህ አይታችሁታል» አለች። «ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ከገባ በኋላ የሚጸጸት አለ። በእርግጥ ትፈልጉታላችሁ?»

ሊፍቱ ለዚህች ጥያቄ ወር ሙሉ ተዘጋጅቷል። ሲነዳ፣ ሲላጭ፣ በኬብል ተንጠልጥሎ ሞተር ሲያጠብቅ ሲለማመዳት ነበር። መልሷ አጭር ናት፤ አዎ፣ በጣም እንፈልጋለን። ነገር ግን ሴትየዋ የእናት ፊት አላት፤ አጠያየቋ የማዕድ ግብዣ ይመስላል፤ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት። ጭኑ ላይ ያቺ የድሮዋ ቁንጥጫ ተሰማችውና አፉ የሚያውቀውን ተናገረ። «ኧረ እኛ ምን አቅም አለን፤ ይቅርብን። ከእኛ የሚሻሉ ትልልቅ ሰዎች እያሉ» አለ። አለና ፈገግ ብሎ ጠበቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ተራው የእሷ ነበር። በሞቴ እንድትለው አልጠበቀም፤ ኧረ እናንተማ ብትል፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ ብትል፣ ቅንድቧን ብታነሣ እንኳ ይበቃው ነበር። ሴትየዋ ትንሽ አየችው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል፤ ሊፍቱ ይህን እስከ ዛሬ ይምላል። እሷም በዚሁ ቋንቋ ነው ያደገችው፤ እሷንም ቆንጥጠዋታል። ግን ሦስት ቤተሰብ ነበር፣ አንድ ቦታ ነበር፤ አሁን አንዱ ራሱ በገዛ አፉ ወጣላት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለ። «ግልጽ ስለሆኑልኝ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ የሚል ሰው ጥቂት ነው» አለችው። ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ አንሥታ አንዴ ተጎነጨችና ተነሥታ ወደሚቀጥለው ጥላ ሄደች። ሊፍቱ ያንን ፊት ያውቀዋል። ራት ላይ ውሃ ሲጠጣ የነበረው የራሱ ፊት ነው።

ሐኪሙ ምን ነካህ አለው። ሊፍቱ ለወጉ ያህል እንዳለው፣ እንዲነግሩለት፣ አሁኑኑ ሄደው እንዲያስረዱለት ለመነ፤ ድምፁ ከፍ ስላለ አንድ አስተናጋጅ ዘወር አለ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። «ለወጉ መሆኑ ለማን ጠፋው» አለ፤ «እዚህ ግን የሚጠየቀው አንዴ ነው። ራሳቸውን አገለሉ ብላ ይዛዋለች። አሁን ሄጄ ብለምናት አንተም እኔም ነን የምናፍረው።» ሌላ ቦታ ክፍት የሚሆነው ምናልባት ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ማመልከቻው እንደ አዲስ ይከፈላል። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሦስተኛ ፎቅን እንዳትረሳ አለው። ሊፍቱ ሣሩን፣ ገንዳውን፣ ነጫጮቹን ጥላዎች፣ ስለ ጉልበት የሚያወሩትን ሰዎች አንድ ጊዜ ዞሮ አያቸው። ወር ሙሉ ሲያሰላ የከረመውን ያን ጊዜ ለራሱ መለሰ፤ ዋጋውን አያወጣም። ከልጁ ደስታ በቀር እዚያ ግቢ ውስጥ አንድም የሚገዛ ነገር የለም። እሱ ግን ከፍሎ ጨርሷል።

በኋላ በር፣ በቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ወጡ። ሚጢጢ ኮፍያዋን አላወልቅም ብላ እንደለበሰች ተሳፈረች፤ ነገም እንመጣለን ወይ ብላ ጠየቀች፤ እናቷ እናያለን አለቻት፤ ልጅቱ ብዙ ሳትቆይ በእናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሊፍቱ ጠብ ይጠብቅ ነበር፤ ጠብ ቢመጣ ደስ ይለው ነበር። መሃል ከተማ እስኪደርሱ ሚስቱ የተኛችውን ልጅ ስትደግፍ ቆየች። መብራት ላይ ሲቆሙ ወደ ፊት እያየች «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» አለች። በቁጣ አይደለም፤ የመድኃኒት ስም እንደምታነብ ነው ያለችው። ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልነዳም።

«እማማም እኮ እንዲሁ ለወጉ ነው ያሉት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ማወቅህን አውቃለሁ» አለች፤ «እኔም አውቅ ነበር።»

ከኋላ ጡሩምባ ነፉባቸው። ሊፍቱ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

ቤት ሲደርሱ እየመሸ ነው። የጓሮዋ ክፍል መብራት በርቷል፤ ከደጃፏ ነጭ የሥራ ጫማ ተቀምጧል፤ መስኮቷ ላይ የእናቱ መጋረጃ ወርዶ አበባ ያለበት አዲስ ጨርቅ ተሰቅሏል። ነርሷ ወጥታ ሰላም አለቻቸው፤ ወጣት ናት፣ ሥርዓት ያላት፤ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር ብትመታ ይከፋቸው እንደሆነ ጠየቀች። ሊፍቱ የፈለገችውን ያህል እንድትመታ ነገራት። ሚስቱ የቤቱን በር ከፍታ፣ ሚጢጢን ቀስቅሳ አስገብታ፣ ውሃ ጥዳ ተመለሰችና ነይ ሻይ ጠጪ አለቻት። አይ እትዬ ይቅርብኝ፣ አሁን ነው የጠጣሁት አለች ነርሷ። «በሞቴ፣ ዕቃ ስታነሺ ውለሽ» አለች ሚስቱ። ኧረ ምንም አይደል አለች ነርሷ። «አፈር ስሆን፣ አንዴ ግቢ።» ነርሷ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ግድግዳው ሥር ያለችው የእናቱ ወንበር ባዶ ስለነበረች እሷ ላይ ተቀመጠች። ሚስቱ ይህን ያለችው አስባበት አይደለም፤ ከልማድ የወጣ ነው። ሊፍቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ቃል ሰማ። ምንም አያስከፍሉም፤ ለማታውቃት ተከራይ እንኳ በነፃ ይባላሉ።

ነርሷ ሻይዋን እያማሰለች ክፍሏ ደስ እንደምትል ተናገረች፤ በፊት ማን ነበረባት ብላም ጠየቀች። ሚጢጢ ሁለቱን ቀደመቻቸው። አያቴ ነበረች አለች። የት ሄደች ስትባል «እኔ ዋና እስክችል ድረስ ሄደች» አለች። ኮፍያውን አሁንም አላወለቀችም። ነርሷ ሳቀች፤ የልጅ ነገር መስሏት ነው። ሊፍቱ ስልኩን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ በር ፈቀቅ አለና እህቱ ጋ ደወለ፤ እማዬን አቅርቢልኝ አላት።

እናቱ ድምፁን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው በደህና መድረሳቸውን ነው። ከዚያ ሚጢጢ ዋኘች ወይ አለች። ዋኘች አላት። ማቀዝቀዣውስ ዝም አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ዝም ብሏል፣ ተባረክ አለችው፤ በስልኩ ውስጥ ግን ከኋላዋ ሲያጓራ ይሰማው ነበር፤ ካርቶኑ ተንሸራትቶ ይሆናል። ክለቡስ አለችው። «ቀረ» አላት። ለምን ቀረ ብላ አልጠየቀችም፤ ለበጎ ነው አለች። ከኋላዋ ማቀዝቀዣው ያወራ ነበር። ሊፍቱ ወደ ውስጥ አየ። ነርሷ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ሁለተኛ ሻይ ይቀዳላታል። ገንዘቧ ክለቡ ውስጥ ቀርቷል፤ ካጠራቀሙት ላይ ቢመልስላት እንኳ በዚህ ሰዓት ውጪ አይላትም፤ ዛሬ ባይላት ደግሞ ነገም እንደማይላት ራሱን ያውቃል።

«እማዬ» አለ፤ «ትመለሻለሽ?»

«አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ። ለእኔ አታስብ፤ እዚህ ደህና ነኝ።»

ይህን አለችና ስልኩን አልዘጋችም። ስትጠብቀው ትንፋሿ ይሰማዋል። ሊፍቱ ተራው የማን እንደሆነ አውቋል፤ የሚባለውንም ያውቃል፤ አፉ ውስጥ ነው ያለው።

«በ…» አለ። ከውስጥ ነርሷ ስለ ሻዩ ስታመሰግን ተሰማ።

«በይ እሺ» አለ፤ «ደህና እደሪ።»

«ደህና እደር ልጄ» አለች እናቱ። ስልኩን ቶሎ አልዘጋችውም፤ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ለጥቂት ጊዜ አብረው ሰሙት።